እናቴ ጠፍጣፋውን ዓሣ ያጎረሰች ቀን

እናቴን ስፖንሰር አድርጌ ከአዲስ አበባ ወደ ቶሮንቶ ያመጣኋት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጄን እንድታሳድግልኝ ነው። አሳደገችልኝም። እኔ ኖርዝ ዮርክ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ስልክ እያነሳሁ ቀጠሮ ስይዝ፣ ከዚያ ወጥቼ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ሥራ ስሮጥ፣ ልጄ ዌስተን ባለችው አፓርታማችን ውስጥ ከእናቴ እጅ እየበላች አደገች። ከእጇ ስል ለአነጋገር ያህል አይደለም። ልጅቷ ማንኪያ መያዝ የለመደችው ኪንደርጋርተን ገብታ፣ አስተማሪዋ ምሳ ሰዓት ላይ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች ብላ ካስጠራችኝ በኋላ ነው። ለእናቴ ብነግራት «አስተማሪዋ እናት የላትም እንዴ?» ብላ ዘጋችኝ።

እንግዲህ በእኛ ቤት የፋሲካ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የልጄ ናት። ሁለት ወር ገደማ ጾመን፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመን መጥተን፣ የገዛ ልጇ እኔ እዚያው በረሃብ ሞቼ ቁጭ ብዬ፣ እናቴ መጀመሪያ የምትጠቀልለው ለልጅ ልጇ ነው። ባለፈው ዓመት ፋሲካም ከዶሮው፣ ከእንቁላሉ፣ ከአይቡ አድርጋ ጠቅልላ እጇን ስትዘረጋ፣ ልጄ አፏን ለወሬ ከፈተችው። ሃሊፋክስ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ማሪን ባዮሎጂ ልትማር ነው። ሰመር ሲያልቅ ትሄዳለች። ደስታው አላስችል ብሏት በእንግሊዝኛ ነው ያንበለበለችው። እናቴ ወደ እኔ ዞራ ምን እያለች ነው አለችኝ። ስለ ባሕር እንስሳት ልትማር በአውሮፕላን የሚኬድበት ከተማ ልትሄድ ነው፣ አራት ዓመት ትቀመጣለች አልኳት። የእናቴ እጅ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠቻት።

የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ ትሪ ሲመለስ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሰው ተኳርፎ እንኳ አንዴ የተዘረጋ እጅ አይታጠፍም። ያን ቀን ዶሮው ለማናችንም አልጣመንም። እኔ እንዳላየሁ ሆኜ ዳር ዳሩን እበላለሁ፣ ጉርሻዋ ግን ትሪው መሃል ቁጭ ብላ ታየኛለች። በመጨረሻ ትሪውን እንዳለ አንስቼ ወደ ኩሽና ወሰድኩት።

ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ሆነ። አያትና የልጅ ልጅ የሚያድሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ አልጋቸው ጎን ለጎን። ጠዋት ግን እናቴ ወደ እኔ መጥታ፣ ንገሪያት፣ ጃኬት ትልበስ፣ ብርድ ነው ትለኛለች። ልጄም እዚያው በሩ ላይ ቆማ፣ ሰምታ፣ ጃኬቷን እየለበሰች፣ ለብሻለሁ በያት ትለኛለች። አቤት እልህ! እኔ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት አይደለሁም፤ ከሥራ የምገባው ደክሞኝ ነው።

እልሁ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። አንድ ቀን ልጄ ዕቃ እያጠበች፣ እማማ ሳትመርቀኝ አልሄድም አለችኝ። አያቷን እማማ ነው የምትላት። ሌላውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ተናግራ «ሳትመርቀኝ» የምትለዋን ብቻ በአማርኛ አለቻት። ካልመረቀቻት የሃሊፋክሱን ቦታ ትለቃለች፤ እዚሁ ቶሮንቶ የተገኘውን ትማራለች። ይሄን የነገረችኝ ምክር ፈልጋ አይደለም። አንዴ ካለች አለች ነው፣ በዚህስ ቁርጥ አያቷን ናት። ከትንሽነቷ ጀምሮ ከአልጋዋ በላይ የዓሣ ነባሪ ሥዕል ለጥፋ የኖረች ልጅ ናት። ሌሎቹ ስለ ዘፋኝ ሲያወሩ እሷ ስለ ኦክቶፐስ ልብ ታወራልኝ ነበር፣ ሦስት ልብ አለው እያለች። አንጀቴ ተቃጠለ።

እናቴን ያስፈራት ባሕሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ምን ልበል? ለምን እምቢ አልሽ ባልኳት ቁጥር መልሷ «አሳድጌ አሳድጌ ለውሃ ልስጥ?» ነው። እንግዲያው ባሕሩን ራሱን ወስጄ ላሳያት አልኩ። ሰው ዊንተር ሲመጣ ብርዱን ሸሽቶ የሚሄድበትን የካሪቢያን ደሴት እኔ በሰመር ቡክ አደረግኩ፤ የሚረክሰው ያኔ ነዋ። ቀኑንም የመረጥኩት የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ሳይገባ ባለችው ክፍተት ነው። እናቴን በጾም ወስጄ ቡፌ ፊት ባቆማት የሚመጣብኝን አውቃለሁ። እሷ ግን ቡፌ የሚባለውንም ስላላመነችው የሻንጣዋን ግማሽ ድርቆሽ ሞላችበት፣ ሚጥሚጣዋን ካልሲ ውስጥ ጠቀለለችው። ኤርፖርት ፍተሻው ላይ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። እናቴ ምን በወጣት፣ ዳዊቷን እየደገመች አለፈች።

ደሴቱ ላይ የመጀመሪያውን ቀን እናቴ ወንበሯን አዙራ፣ ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ ዋለች። ከልጄ ጋር መኳረፏ ሳያንስ ባሕሩንም አኮረፈችው። አንድ ሸርጣን ከአሸዋው ውስጥ ወጥቶ ፊቷ ቆመ፣ ዓይኖቹን ቀስሮ አያት። እሷም መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችው። ወደ ጎን ወደ ጎን ሲሄድ ስታይ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ማን ከለከለው አለችኝ።

በማግስቱ ለጀልባ ሽርሽር ለሦስታችን ቦታ ይዤ ነበር። አልሄድም ትላለች ብዬ ስፈራ ቀድማኝ ለብሳ ጠበቀችኝ። እናንተን ውሃ በልቷችሁ እኔ እዚህ ለማን ልቀመጥ ነው ያለችው። ረጅም ቀሚሷን፣ በላዩ ላይፍ ጃኬት፣ ራሷ ላይ ሻሿን አሥራ ወጣች። የጀልባው ባለቤት ጢሙ የሸበተ ግዙፍ ሰውዬ ነው። ማማ እያለ ክንዷን ይዞ አሳፈራት። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ሲያማትብ ስላየችው እናቴ ወዲያው ወደደችው።

ጥቂት እንደሄድን ከጀልባው ፊት ዓሣዎች ከውሃው ብድግ ብለው በረሩ። አዎ፣ በረሩ። ክንፋቸውን ዘርግተው በማዕበሉ ላይ ሄደው ሄደው ራቅ ብለው ጠለቁ። እናቴ አፏን ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጠይቂያት፣ ወፍ ናቸው ዓሣ?» አለችኝ። ልጄ አጠገቧ ነው የተቀመጠችው፣ ጉልበታቸው ተነካክቷል። ልጄም ለእኔ መለሰች፤ ዓሣ ናቸው፣ የሚበሩት ትልልቆቹ ሲያባርሯቸው ነው አለች። እኔም ለእናቴ አቀበልኳት። ጢማሙ ሰውዬ ሦስታችንን እያየ ግራ ገባው።

ኤሊዎች ያሉበት ጋ ስንደርስ ሰውዬው ሞተሩን አጠፋው። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ከሥር ያለው ሣር ይታያል። ልጄ መነጽሯንና የመተንፈሻ ቱቦዋን አድርጋ ዘላ ገባች። እናቴ የጀልባውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ማርያም፣ ማርያም ስትል፣ ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ወደ ታች ወረደች። የሚታየን ጥላዋ ብቻ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዋና የተማረች ናት እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። በዚህ መሃል ከጀልባው ጎን አንዲት ኤሊ ራሷን ብቅ አድርጋ እፎይ ብላ ተነፈሰች፣ ልክ ዕቃ ተሸክማ ደረጃ እንደወጣች ሴትዮ። ቀና ብላ እናቴን አየቻት። እናቴም «አይ የኔ እናት፣ ደከመሽ?» አለቻት። ከኋላዋ ልጄ ብቅ አለች፣ እየሳቀች።

ወደ ጀልባው ወጥታ ስለ ኤሊዎቹ ነገረችን፤ ለእኔ ማለቴ ነው። ኤሊ ባሕሩን ስትዞር ኖራ እንቁላል መጣል ስትፈልግ የተፈለፈለችበት ዳርቻ ትመለሳለች፣ ስንት ዘመን ቢያልፍ አትረሳውም አለች። ይሄንንም ለእናቴ ተረጎምኩላት። ልጄ ለምን እንዳለችው ገብቶኛል፤ ለእናቴም ገብቷታል። ውሃ ውሃውን እያየች «እሷ ኤሊ ናት» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው መልሷ። እኔ በዚያ ሰዓት ተስፋ ቆረጥኩ።

የመጨረሻው ማቆሚያችን በባሕሩ መሃል ያለ የአሸዋ ደልዳላ ነው። ዙሪያው ጥልቅ ሆኖ እዚያ ላይ ውሃው ከወገብ አያልፍም። ጠፍጣፎቹ ዓሣዎች የሚመጡት እዚያ ነው፤ ስቲንግሬይ ይሏቸዋል። እንደ ትሪ የሰፉ ናቸው፣ ክንፋቸውን ቀስ እያሉ እያጠፉ እየዘረጉ ከአሸዋው በላይ ይሄዳሉ፣ ጅራታቸው ላይ ደግሞ መርዛም እሾህ አለ። ሰውዬው እንድናበላቸው ለእያንዳንዳችን ስኩዊድ ከሚሉት የባሕር ፍጥረት አንዳንድ ቁራጭ አዘጋጀ። ከአንድ በላይ አይሰጥም፣ ሰው የሚያበላቸው ከበዛ ራሳቸው ማደን ይተዋሉ አለን።

እናቴ እወርዳለሁ አለች። ጆሮዬን አላመንኩም። እኔማ ከጀልባው ላለመውረድ ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ስትወርድ የት እገባለሁ፣ ወረድኩ። ልጄ ፊት ለፊቷ ሆና ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻትና የኋሊት እየሄደች መራቻት። እግርሽን አታንሺ፣ አሸዋው ላይ እየጎተትሽ ነይ፣ ያኔ መምጣትሽን አውቀው ገለል ይላሉ አለቻት። ለእኔ አይደለም የነገረችው። በቀጥታ ለእሷ፣ በዚያ በተሰባበረው አማርኛዋ። እናቴም እንደታዘዘችው እግሯን እየጎተተች ሄደች። እናቴ ይቺኑ ልጅ የአፓርታማችን ኮሪደር ላይ ልክ እንደዚህ ይዛ ነው መራመድ ያስተማረቻት።

ችግር የመጣው ስኩዊዱ ላይ ነው። እናቴ አየችው፤ ነጭ፣ ልሙጥ፣ አጥንት የለው፣ ቅርፊት የለው። በእኛ እምነት የማይበላ ፍጥረት ነው። በቀኝ እጄ አልነካውም አለች። እሺ በግራሽ ያዢው አልኳት። ዞራ አየችኝ። «በግራ እጄ ነው የማጎርሰው?» አለችኝ። እውነትም ምን ነክቶኝ ነው? በቀኟ እንዳትይዘው ርኩስ ነው፣ በግራዋ እንዳታጎርስ ነውር ነው። እሷ ባሕር መሃል ቆማ ይሄን ስታወጣ ስታወርድ ጠፍጣፎቹ ዙሪያዋን እየዞሩ ይጠብቃሉ፣ ሰውዬውም ስኩዊዱን ይዞ ይጠብቃል። በመጨረሻ አማተበች፣ የቀኝ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ተቀበለችው። ባሕሩ ጨው ነው፣ ያነጻኛል አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለላይኛው ነው።

የዓሣው አፍ የት ነው ብላ ጠየቀች። ልጄ ሆዱ ሥር ነው፣ ዓይኑ ከላይ፣ አፉ ከታች፣ የሚበላውን አያየውም አለቻት።

«ሳያይ ይበላል?» አለች እናቴ።

«ሳያይ» አለች ልጄ። «እጅሽን ብቻ ያምናል።»

አንዷ ትልቅ ጠፍጣፋ መጥታ ከእናቴ እጅ በላይ ቆመች። እናቴ ሰውዬው እንዳሳየን ጣቶቿን ጨብጣ ከሥር ሰጠቻት። ምጥጥ አድርጋ ወሰደችው። እናቴም በሌላ እጇ ጀርባዋን ዳሰሰቻት፤ እኔም ዳሰስኩ፣ እንደተላጠ እንቁላል ነው የሚለሰልሰው። እናቴ ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር፤ አላውቀውም እንጂ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል።

ወዲያው እጇን ወደ ሰውዬው ዘረጋች፣ ጨምርልኝ ነው። አንድ ብቻ ነው ማማ አላት። ስተረጉምላት ፊቷ ተለወጠ። አንዴ ብቻ አጉርሶ መተው ምን ማለት ነው? በእኛ ዘንድ የምትደግመው የምትወደውን ነው፣ አንዴ ሰጥተህ እጅህን ከሰበሰብክ ጠበኛ ነህ። «ምን አድርጋኝ ነው ከዓሣዋ ጋር የምጣላው?» አለች። ይሄን ለሰውዬው እንዴት ብዬ ላስረዳው? እናቴ ከዓሣው ጋር ጠብ አትፈልግም ልበለው? እኔ አፌን ስከፍት ስዘጋ ልጄ የራሷን ቁራጭ፣ ከቶሮንቶ ጀምራ ስታልማት የመጣችውን የራሷን ድርሻ፣ እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት። እናቴ መዳፏን አየች፣ ቀና ብላ የልጄን ፊት አየች። ከዚያ ሁለተኛዋን አጎረሰች።

ጠፍጣፋዋ ትንሽ ዞር ዞር ብላ ሄደች። እናቴ በዓይኗ ሸኘቻት። ጥልቁ ጋ ደርሳ ስትጠፋ፣ ማታስ ማን ያጎርሳታል አለች። ልጄ ራሷ ታገኛለች፣ አሸዋውን ቆፍራ ትበላለች አለቻት። እናቴ እርጥብ እጇን ላይፍ ጃኬቷ ላይ ጠረገች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች፣ ያለ እኔ።

«አንቺንስ?» አለቻት። «እዚያ አገር አንቺን ማን ያጎርስሻል?»

ያኔ ነው የገባኝ። ጉዳዩ ባሕሩ ሆኖም አያውቅም። እናቴ እዚህ አገር ስትመጣ ቋንቋው እንግዳ፣ ባቡሩ እንግዳ፣ ጎረቤቱ እንግዳ ሆኖባት፣ የእኔ ነው ብላ የያዘችው ነገር ቢኖር ይቺን ልጅ ማብላት ነበር። አሁን ልጅቷ ብቻዋን አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ብዪ ብዪ የሚላት ሰው ሳይኖር ስትበላ ታይቷታል። ስንት ወር ሙሉ ይሄንን ይዛ ነው ለካ ስለ ውሃ የምታወራው። አንጀቴን በላችው፤ ደግሞም ተናደድኩባት፣ መናገር ማን ከለከላት?

ልጄ እንግሊዝኛውን ስትፈልግ አየኋት፣ ከዚያ ተወችው።

«ማንም» አለች። «ብቻዬን ነው የምበላው። ግን እማማ፣ ስመጣ አንቺ ነሽ። ሁልጊዜ አንቺ ነሽ።»

እናቴ እጇን በባሕሩ ውሃ እሽት እሽት አድርጋ ታጠበችና ወደ ጀልባው መልሱኝ አለች። በመመለሻው ላይ ዶልፊኖች መጡ፤ ከጀልባው ጋር እየተሽቀዳደሙ፣ እየዘለሉ፣ በጎን እያዩን። ሰውዬው ሞተሩን ቀነስ አድርጎ በደስታ ያሳየናል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልጄ ጀልባውን ትገለብጠው ነበር። ያን ዕለት ግን ፎጣዋን ፊቷ ላይ ይዛ ጨዋማው ውሃ ዓይኔ ገባ ትላለች። እናቴ ወደ ዶልፊኖቹ ዞራለች፤ ታያቸው ይሁን አታያቸው ግን አላወቅኩም። ዝምታዋ እሺ ይሁን እምቢ ከፊቷ ላይ ማንበብ አቃተኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁትን ፊት።

እራት ላይ እናቴ ቡፌው ዘንድ ሄዳ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቲማቲም ሶስ ብቻ ይዛ ተመለሰች። ከቦርሳዋ ድርቆሹን አወጣች። ያ ሁሉ ቱሪስት እያየን፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ድርቆሹን እየሰባበረች ሶሱ ውስጥ ነከረችው። ሚጥሚጣውን ከካልሲው ፈትታ ነሰነሰችበት። ከእኔ ሳህን ላይ የተጠበሰውን ዓሣ እያየች ቅርፊት ነበረው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት አንስታ ፈተፈተችበት፣ የእኔን እራት። አስተናጋጇ መጥታ ሹካ ጎድሎባችኋል ወይ አለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ እናቴ ፈገግ አለችላት።

ከዚያ ጠቀለለች። እጇን ስትዘረጋ ልጄ አላመነችም፣ ወደ እኔ አየች። እኔ ክሊኒኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አፍ ክፈቱ ሲባል እየሰማሁ የምውል ሰው፣ ያን ሰዓት አንዲት ቃል አልወጣኝም። ልጄ ጎረሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሚጥሚጣውም አለበት።

እናቴ ሁለተኛዋን መጠቅለል ጀመረች። ያው እንደ ደንቡ መድገሟ ነው ብዬ ነበር። ግን ይቺኛዋን አተለቀቻት፣ ከዓሣው ወፍራም ወፍራሙን መረጠችላት፣ ዙሪያዋን አስተካከለች፣ አሁንም አስተካከለች። ከዚያ ነው እጇን የዘረጋችው።

«ይቺኛዋ የፋሲካዋ ናት» አለች። «አፍሽን ክፈቺ። መንገደኛ ነሽ፣ በባዶ ሆድሽ አልሸኝሽም።»

ልጄ አፏን ከፈተች። እናቴ አጎረሰቻትና እጇን ሳታነሳ፣ በዚያው ሚጥሚጣ በነካው እጇ ጉንጯን ይዛ፣ ሂጂ የኔ ልጅ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ፣ ባሕሩም ይራራልሽ ብላ መረቀቻት። ልጄ አሜን ልትል ሞከረች፣ አፏ ሙሉ ነው፣ አልሆነላትም። እያለቀሰች ወደ እኔ ዞረች። አሜኑን እኔ አልኩላት።